በዘጠኝ ቀን ያላበራ ድንጋይ

ጥያቄ፦ የምኖረው በሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ ነው። የስምንት ዓመት ልጄ ድንጋይ መልቀም ይወዳል፤ ኪሱን ሳልፈትሽ ሱሪውን ወደ ማጠቢያ ማሽን ከትቼ አላውቅም። ይህን አይቶ አባቱ ለገና ድንጋይን ከውሃና ከሸካራ ዱቄት ጋር በትንሽ በርሜል እያንከባለለ የሚያለሰልስ የልጆች ማሽን ገዛለት። ካርቶኑ ላይ እንደ መስታወት የሚያበሩ ድንጋዮች አሉ። ከማሽኑ ጋር የመጡትን ድንጋዮች ልጄ በበጋ ከለቀማቸው ጋር ቀላቅለን ጥቂት ፍሬ ከተትን፤ ዘጠኝ ቀንና ሌሊት ሲንኳኳ ከረመ። ስንከፍተው ድንጋዮቹ ጠርዛቸው ዶልዱሞ፣ መልካቸው አመድ መስሎ ወጡ። ጭቃውን ሲንክ ላይ ብደፋው ቱቦው ተዘጋ። ልጄ «ውሸት ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ። ባለቤቴ አንዴ እንጣለው ይላል፣ አንዴ ደግሞ አባቴ ከወሎ የላከልንን ኦፓል የተባለ ያልተሠራ የከበረ ድንጋይ ብንጨምርበት ያበራል ይላል። ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ የድንጋዩ ነው ወይስ የእኛ? ልጄ የጀመረውን ሁሉ በሳምንቱ የሚተው ነውና ይህንንም እንዲተው ልፍቀድለት? የሁለት ዓመት ታናሽ እህት እንዳለችውም ይታወቅልኝ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ የምለምንዎ አባትዎ የላኩትን ኦፓል ወደዚያ በርሜል እንዳያስገቡት ነው። ሌላውን ጥያቄ ቀስ ብለን ልናየው እንችላለን፤ ይህ ግን አንዴ ከተበላሸ የሚመለስ አይደለም። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ ከሚገኘው ገደል እየወጣ ዓለም ያወቀው የወሎ ኦፓል ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ነው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቢያስቀምጡት ውሃውን ይስብና ጥርት ብሎ ውስጡ ይታያል፣ የቀለሙም ጨዋታ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅ ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። እንዲህ ያለው ድንጋይ ለሳምንታት በጭቃ ውሃ ውስጥ ሲንከባለል የሚጠጣው ጭቃውን ነው፤ በዚያ ላይ ከእሱ የጠነከሩት ድንጋዮች እየወደቁበት ይቧጥጡታል፣ ይሸርፉታል። ኦፓልን የሚሠሩት ሰዎች አንድ በአንድ በእጃቸው ይዘው እያዩት ነው የሚሞርዱት። በጥጥ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ባለቤትዎም ቢሆኑ የአማታቸውን ስጦታ ፈጭተው በሲንክ ቱቦ መላካቸውን ኋላ ሲያስቡት ደስ አይላቸውም።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። ማሽኑ የሚወቀስበት ምክንያት አላየሁም፤ የሚወቀሰው ካርቶኑ ነው፣ መድረሻውን አሳይቶ መንገዱን ሸሽጓልና። በካርቶኑ ውስጥ ቁጥር የተጻፈባቸው ሦስት ወይም አራት የዱቄት ከረጢቶች ሳይኖሩ አይቀሩም፤ ከጻፉልኝ ስረዳ እርስዎ የተጠቀሙት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። እንግዲያው ድንጋዮቹ አልተበላሹም፣ የመንገዳቸው መጀመሪያ ላይ ናቸው።

ይህንን ለልጅዎ ለማስረዳት ወደ ወንዝ ዳር መውረድ ይበቃል። እርስዎ በልጅነትዎ ቅልልቦሽ ተጫውተው ከሆነ፣ ለመቅለቢያ የሚመረጠው ጠጠር ምን ዓይነት እንደሆነ እጅዎ ያስታውሰዋል፦ ከወንዝ የተለቀመ፣ ጠርዝ የሌለው፣ መዳፍ የማይቧጥጥ። ያንን ጠጠር ያንከባለለው ውሃው፣ የፋቀው ደግሞ አሸዋው ነው። ሆኖም የወንዝ ጠጠር ይለሰልሳል እንጂ አያበራም፤ ሲደርቅ እናንተ ከበርሜሉ እንዳወጣችሁት ድንጋይ አመድማ ነው። ወንዙ ያለው ሸካራ አሸዋ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሥራ ብቻ ሠርቶ ይቆማል። ልጅዎ በዘጠኝ ቀን ያደረገው ወንዝ በእጅጉ ረጅም ዘመን የሚያደርገውን ነው፤ እንደ እኔ ይህንን ሳይሰማ «ውሸት ነው» ማለቱ የሚፈረድበት አይደለም። የቀረው ወንዙ የማይሠራው ሥራ ነው።

ያ ሥራ እንዴት እንደሚሄድ ልግለጽ። የብርጭቆ ወረቀት ገዝተው የሚያውቁ ከሆነ ከጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ከፍ ባለ ቁጥር ወረቀቱ እየለሰለሰ እንደሚሄድ ያውቃሉ፤ የድንጋዩም ዱቄት በዚያው ዓይነት ቁጥር ይጠራል። መጀመሪያ ከ60 እስከ 90 የሚሆነው ሸካራ፣ ቀጥሎ ከ120 እስከ 220 የሚሆነው መካከለኛ፣ ከዚያ 500 የሚባለው ደቃቅ፣ በመጨረሻም መወልወያው ይገባል። የፊተኞቹ አብዛኛውን ጊዜ ሲሊከን ካርባይድ ከሚባል ኳርትዝ ከተባለው ጠንካራ ማዕድን እንኳ እጅግ የሚጠነክር ነገር የተሠሩ ሲሆኑ፣ መወልወያው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ሴሪየም ኦክሳይድ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ ሰባት ቀን ያህል ይወስዳል፤ ሁሉም ሲደመር ወር ይሞላል፣ ብዙ ጊዜም ያልፋል። እህል በእጅ ወፍጮ ሲፈጭ ያየ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ ያልተሸረከተውን እህል አልምልሃለሁ ብሎ በመጅ የሚነሣ የለም፣ ሽርክት ይቀድማል፣ ልም ዱቄት ይከተላል። በድንጋዩም እያንዳንዱ ደረጃ ያለፈው ደረጃ የተወውን ጭረት በደቀቀ ጭረት ይተካል፤ ዓይን ጭረቱን ማየት ሲያቅተው «አበራ» እንላለን።

እዚህ ላይ ጀማሪዎች ሁሉ የሚሳሳቱበትን፣ እኔም የተሳሳትሁበትን ነገር ልናገር። የመጀመሪያው ደረጃ በቀን ቁጥር አይዘጋም። ሸካራው ዱቄት ራሱም ከድንጋዩ ጋር እየተፈጨ ይደቅቃል፤ በሳምንቱ ገደማ ጭቃ ሆኖ ጉልበቱን ስለሚጨርስ፣ ከዚያ በኋላ ማሽኑ ቢዞርም ብዙ የሚቆርጠው ነገር የለም። በዚህ ጊዜ ይከፈታል፣ ሁሉም ይታጠባል፣ ድንጋዮቹ በፎጣ ላይ ተዘርግተው ይደርቃሉ፣ ከዚያም አንድ በአንድ በመብራት ይታያሉ። መድረቃቸው ግዴታ ነው፤ እርጥብ ድንጋይ ሁሉ ያምራል፣ ውሃው ስንጥቁንና ጭረቱን ይሸፍንለታል። ጉድጓድ፣ ስንጥቅ ወይም ያልተነካ ሸካራ ገጽ የቀረበት ድንጋይ ካለ ከአዲስ ሸካራ ዱቄት ጋር ተመልሶ ለሁለተኛ ሳምንት ይገባል፣ ካስፈለገም ለሦስተኛ። ስንጥቅ ያለበትን ድንጋይ «ይሁን፣ ያልፋል» ብሎ ወደ ቀጣዩ ማሳለፍ የሚያስከትለውን እናንተ አላያችሁትም፤ ስንጥቁ ሸካራውን ፍሬ ደብቆ ይዞ ይሄድና መወልወያው ላይ ሲደርስ ይተፋዋል።

እኔና ልጄ ስንጀምር ይህን የመሰለ ነገር ደርሶብናል። ድንጋዮቹን በጥንቃቄ አጥበን፣ የበርሜሉን ክዳን ግን እንዲሁ በውሃ ለቅለቅ አድርገን ከደንነው። ክዳኑ ከበርሜሉ በሚገጥምበት ቀጭን ቦይ ውስጥ ጥቂት ፍሬ ሸካራ ዱቄት ቀርቶ ኖሯል። ከሳምንታት ድካም በኋላ መወልወያውን ስንከፍት ድንጋዩ ሁሉ ድመት የቧጠጠችው መስሎ ወጣ። ልጄ ያን ቀን እራት አልበላችም፤ እኔ በልቻለሁ፣ ግን አልጣፈጠኝም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን አንድ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ለክዳኑ ብቻ ተመድቧል፣ ለመወልወያውም ሌላ በርሜል ለይተናል። እናንተ ሁለተኛ በርሜል ባይኖራችሁ ብሩሹ ይበቃል፤ ቦዩን ግን ጥፍርዎ ሸካራ ነገር እስከማይሰማ ድረስ ይፈትጉት።

ሁለተኛው ስህተት ድንጋዮቹን መቀላቀላችሁ ነው። የጀርመኑ የማዕድን ሊቅ ፍሪድሪክ ሞስ በ1812 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጥንካሬ መለኪያ ድንጋይን ከ1 እስከ 10 ያስቀምጣል። ኳርትዝና ዘመዶቹ፣ ማለትም አጌትና ኢያስጲድ (በእንግሊዝኛ ጃስፐር)፣ 7 ላይ ናቸው፤ ኦፓል ከ5.5 እስከ 6.5፣ የኖራ ድንጋይን የሚሠራው ካልሳይት ግን 3 ነው። በአንድ በርሜል የሚገቡ ድንጋዮች ጥንካሬያቸው ተቀራራቢ ካልሆነ ጠንካራው ደካማውን ይበላዋል። ሴንት ፖል ከተማ ራሷ ከሥሯ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈ ነውና ልጅዎ በበጋ ከለቀመው ውስጥ ነጭና ገርጣ ያሉት የዚያ ወገን ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ሲንካችሁን የዘጋው ጭቃ እንዲያ የበዛውም እነሱ ስለተፈጩ ይመስለኛል። በተጨማሪም የኖራ ድንጋይ በተዘጋ በርሜል ውስጥ አየር ሊፈጥርና ክዳኑን ሊያሳብጠው ይችላልና፣ አዲስ ዙር በጀመራችሁ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀን አንድ ጊዜ ከፈት አድርጎ ማስተንፈስ ደግ ነው።

ለመለየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። አሮጌ የመስታወት ማሰሮ አገላብጠው በቂጡ ላይ የድንጋዩን ሹል ጫፍ እርስዎ ራስዎ ጫን አድርገው ይሳቡት፣ ልጅዎ ደግሞ ያጥናው፤ መስታወቱን በግልጽ የሚጭር ድንጋይ ለበርሜሉ ዕጩ ነው፣ ጭሮ የማያውቅ ደግሞ ወደ አበባው ማሰሮ ይሂድ። ጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) እና ግራናይት መስታወት ሊጭሩ ይችላሉ፣ ግን በእነሱ አትድከሙ። ጥቁር ድንጋይ ይለሰልሳል እንጂ ብዙውን ጊዜ አያበራም፤ ግራናይት ደግሞ ጥንካሬያቸው የተለያየ ማዕድናት ስብስብ በመሆኑ ለስላሳው ቀድሞ እየተበላ ገጹን ጎድጓዳ ያደርገዋል።

እንግዲህ ምን ይግባ? አሁን ጥር ነው፣ ሐይቁም መሬቱም በረዶ ነው፤ ስለዚህ እስከ ሚያዝያ ድረስ ያልተሠራ አጌት ወይም ኢያስጲድ በፓውንድ ገዝተው ይጀምሩ። በልጅዎ ዘንድ ስሙ እንግዳ እንዳይሆን አንድ ነገር ልጠቁም፦ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 21 ከተቆጠሩት አሥራ ሁለት የከበሩ ድንጋዮች መካከል ኢያስጲድ፣ ኬልቄዶን፣ ሰርዶንክስ፣ ሰርድዮን፣ ክርስጵራስስና አሜቴስጢኖስ፣ ዛሬ በእነዚህ ስሞች በሚጠሩት ድንጋዮች ብንሄድ፣ ሁሉም የኳርትዝ ቤተሰብ ናቸው። ግማሹ ዝርዝር በልጅዎ በርሜል ሊዞር የሚችል ነው ማለት ነው።

በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ እናንተ የምትኖሩት ለዚህ ሥራ በተፈጠረ አገር ነው። የላይኛው ሐይቅ አጌት፣ ማለትም የሌክ ሱፒሪየሩ፣ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚኒሶታ ስቴት የከበረ ድንጋይ ነው። ታሪኩ ልጅ የሚያዳምጠው ዓይነት ነው። ከ1.1 ቢሊዮን ዓመት በፊት በዚያ አካባቢ ምድር ተሰንጥቃ ትኩስ የቀለጠ ድንጋይ ፈሰሰ፤ ሲቀዘቅዝ ውስጡ የነበረው አየር በእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ላይ እንደምናየው ዓይነት ቀዳዳ ትቶ ሄደ። በየቀዳዳው ሲሊካ፣ ማለትም ኳርትዝ የተሠራበትን ነገር፣ ያዘለ ውሃ እየገባ ሽፋን በሽፋን ሞላው፣ ብረቱም ቀይና ብርቱካንማ ቀለም ሰጠው። የኢትዮጵያ ደጋ የተነባበረበት ጥቁር ድንጋይም በዚሁ መንገድ ከምድር ስንጥቅ የፈሰሰ ነው፣ ዕድሜው ግን 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ብቻ ስለሆነ ከሚኒሶታው ጋር ሲተያይ ሕፃን ነው። ኋላም በበረዶ ዘመን ግዙፍ የበረዶ ግግር አጌቱን ከአለቱ ፈልቅቆ ወደ ደቡብ ጎተተው። በዚህ ምክንያት አጌት ፍለጋ የግድ ሐይቁ ድረስ መሄድ አይጠበቅባችሁም፤ በሴንት ፖል ዙሪያ ለመንገድና ለግቢ በሚደፋው ጠጠር ውስጥ ሳይቀር ይገኛል።

ሲፈልጉ ፀሐይዋ ዝቅ ባለችበት ሰዓት፣ ዝናብ ጠጠሩን ካረጠበው በኋላ፣ ፊትን ወደ ፀሐይ አዙሮ መሄድ ነው፤ አጌት ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሌላው ጠጠር መካከል እንደ ፍም ይቀላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ደግሞ እንደ ሽንኩርት የተደራረበ ቀጭን መስመር ይኖረዋል። ወደ ዱሉት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ሙስ ሌክ የተባለች ትንሽ ከተማ ራሷን የዓለም የአጌት መዲና ብላ የምትጠራ ናት፤ በየዓመቱ በሐምሌ ወር ጎዳናዋ ላይ ጠጠር ከአጌትና ከሳንቲም ጋር ተደፍቶ ሕዝቡ ይሻማል፣ ልጅዎ ቢያየው የሚረሳው አይመስለኝም። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። በሚኒሶታ የስቴት ፓርኮች ውስጥ ድንጋይ ማንሣት ክልክል ነው፤ የግል ጠጠር ማውጫም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም። ከዚህ ጋር አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል ልጨምር፦ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት ስትሄዱ ልጅዎ መልካ ቁንጡሬን ለማየት ዕድል ቢያገኝ፣ የጥንት ሰዎች መሣሪያ የሠሩበትን ጥቁር ባልጩት ኪሱ እንዳይከት። ቦታው ከአጎራባቹ ባልጪት ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጩት መስታወት መሰል ስለሆነና በቀላሉ ስለሚሸረፍ ለጀማሪ በርሜል የሚመከር ድንጋይም አይደለም።

ሦስተኛው ስህተት «ጥቂት ፍሬ» ያሉት ነው። በርሜሉ ከሁለት ሦስተኛ እስከ ሦስት አራተኛው ድረስ በድንጋይ ካልሞላ ድንጋዮቹ እየተንሸራተቱ መፋቀቅ ሲገባቸው ከከፍታ እየወደቁ ይጋጫሉ፤ ያስቸገራችሁ መንኳኳትም ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። ድንጋዩ ካነሰ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የሴራሚክ ፍሬ ሞልቶ ያግዛል። መጠናቸው ይለያይ፤ ትልልቆቹ ብቻ ከሆኑ በመካከላቸው ክፍተት ይበዛል፣ ትንንሾቹ ግን ዱቄቱን ወደየጥጋጥጉ ያደርሳሉ። ውሃው ከላይኞቹ ድንጋዮች ጫፍ ዝቅ ብሎ ይቁም። ሸካራው ዱቄት ለአንድ ፓውንድ ድንጋይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይበቃዋል፣ ከማሽኑ ጋር የመጣው መመሪያ ሌላ ቢል ግን መመሪያውን ይከተሉ።

ቱቦውን በተመለከተ፣ ከአሁን በኋላ አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ ሲንክ፣ ወደ ገላ መታጠቢያ ወይም ወደ ሽንት ቤት አይድፉ። ያ አተላ የደቀቀ ድንጋይና ዱቄት ስለሆነ ቱቦው ውስጥ ተኝቶ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። በአሮጌ ወንፊት ላይ ወደ ባልዲ ያንቆርቁሩት፣ ባልዲው ውስጥ ድንጋዮቹን ይጠቡ፣ አንድ ሁለት ቀን ሲያድር ዝቃጩ ይረጋል፤ የጠለለውን ውሃ ውጭ መሬት ላይ፣ ዝቃጩን ከደረቀ በኋላ ሳያቦኑ በከረጢት ቋጥረው ከቆሻሻ ጋር ይጣሉት። ሳያቦኑ ማለቴ በምክንያት ነው፤ የድንጋይ ብናኝ በደረቁ ሲተነፍሱት ሳንባን ይጎዳል። በርሜሉ ውስጥ ሁሉም እርጥብ ስለሆነ የሚያሰጋ አይደለም፤ ደረቁን ዱቄት ከከረጢት ማንሣት ግን የእርስዎ ሥራ ይሁን፣ አፍንጫዎን ሸፍነው፣ ለዚህ ብቻ በተለየ ማንኪያ። ድንጋይ በመዶሻ መስበር ለጊዜው ይቅርባችሁ።

ማሽኑን የት እናስቀምጠው ብለው አልጠየቁኝም፣ ግን ባለቤትዎ ከጩኸቱ ለማምለጥ ጋራዥ ውስጥ እንዳያስቀምጡት እሰጋለሁ። በሚኒሶታ ጥር ማሞቂያ በሌለው ጋራዥ ውስጥ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል፣ ሞተሩም ይታገላል። ምድር ቤት ወይም የልብስ ማጠቢያ ክፍል ካላችሁ እዚያ፣ ከሥሩ ወፍራም ጎማ ወይም ምንጣፍ፣ ከዚያም በላይ ውሃ ቢያንጠባጥብ የሚይዝ ትሪ አድርገው፣ በሩን ዘግተው ይተዉት። ድምፁን ለማፈን ብለው በብርድ ልብስ አይሸፍኑት፤ ሞተሩ አየር ካላገኘ ይግላል። የሁለት ዓመቷ ልጅዎ ከዚያ በር እንዳታልፍ ማድረግ ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ ጠጠሩም ሆነ የሴራሚክ ፍሬው ለእሷ ከረሜላ ነው፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀርም ልክ ነው።

አሁን ልጅዎ የጀመረውን ሁሉ ይተዋል ስላሉት። ከጻፉልኝ ውስጥ ልጁ ሲሠራ ያየሁት ድንጋይ ሲለቅም ብቻ ነው፤ ይህንንም በበጋው ሁሉ አልተወውም። ማሽኑን የገዛው አባት፣ የከተቱት እናንተ፣ ጭቃውን የደፉት እርስዎ ናችሁ። ለእሱ የቀረለት መጠበቅ ነበር፣ የስምንት ዓመት ልጅ ደግሞ በተዘጋ በርሜል ፊት ዘጠኝ ቀን መጠበቅ አይሆንለትም። ስለዚህ አይግፉት፣ እንዲተውም አይፍቀዱለት፤ ሥራ ይስጡት። በየቅዳሜው በርሜሉ ሲከፈት የደረቁትን ድንጋዮች በመብራት አይቶ «ይህ ያልፋል፣ ይህ ይመለሳል» ብሎ የሚፈርደው እሱ ይሁን። እርስዎ ስንጥቅ አይተው እሱ ያሳለፈው ድንጋይ ቢኖር እንኳ አንድ ጊዜ ይንገሩትና ካልሰማ ይለፉት፤ የዚያን ድንጋይ ነገር መወልወያው ራሱ ያስረዳዋል። ይህን ስል ዙሩ ሁሉ ሊበላሽ እንደሚችል አውቄ ነው፣ ከልጄ ጋር እንዳየሁትም ልጅ የራሱን ፍርድ ስህተት ከእናት ተግሣጽ ይልቅ ያስታውሳል።

ሁለተኛ ሥራ ደብተር ይያዝለት። ድንጋዮቹን ከመግባታቸው በፊትና በየቅዳሜው በወጥ ቤት ሚዛን መዝኖ ይጻፍ። ክብደቱ ሲቀንስ ያየ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ሲንኳኳ የከረመው ነገር ሥራ እንደነበረ በቁጥር ያምናል፤ የጎደለውም የት እንደሄደ በባልዲው ሥር ተኝቶ ያገኘዋል። በሳምንቱ መካከል ማሽኑን እንክፈት ብሎ ቢያስቸግርዎ አንድ ጊዜ ይክፈቱለት፣ ጉዳት የለውም፤ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ማስተንፈሻም ይሆናችኋል።

መወልወያው ሲያልቅ ድንጋዮቹን ለአንድ ሰዓት ያህል ከጥቂት የሳሙና ፍርፋሪና ከንጹሕ ውሃ ጋር ያዙሯቸው፤ የቀረ ዱቄት ካለ ይለቃል። ደርቀው ካላበሩ አሁንም አይጣሉ። አመድማ ከሆኑ የመወልወያው ሳምንት አልበቃቸውም ወይም 500 የሚባለው ደረጃ ተዘሏል፤ የተቧጠጡ ከሆነ ሸካራ ፍሬ ገብቷል ማለት ነውና ወደ 500ው ይመለሱ፣ ጭረቱ ጠለቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ወደ መካከለኛው።

አሁን በእጃችሁ ያሉትን አመድማ ድንጋዮች ግን እንዲህ ያድርጓቸው። የፊታችን ቅዳሜ ልጅዎን ጠርተው በመስታወቱ ይፈትኗቸው፣ የኖራውን ወገን ያውጡ፣ የቀሩት ላይ አዲስ ያልተሠራ ድንጋይና ሴራሚክ ጨምረው ከአዲስ ሸካራ ዱቄት ጋር ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመልሷቸው። ከአመድማዎቹ አንዱን ግን ልጅዎ ይምረጥና ከበርሜሉ ውጭ ይቅር፤ ከሥሩ በማይለቅ ቀለም ቀኑን ይጻፍበትና በመስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጠው፣ ከወር በኋላ ጓደኞቹ ከበርሜሉ ሲወጡ ከጎናቸው የሚቆመው እሱ ነው።